«አልደግምም» አለኝ፤ እኔ የምለውን ቃል

አንዲት ወጣት እናት የላከችው ደብዳቤ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

«ዕድሜዬ 22 ነው። የተወለድኩት ጎጃም፣ ገጠር ነው። በ15 ዓመቴ ዳሩኝ። በ17 ዓመቴ ልጄን ወለድኩ። ባሌ ይመታኝ ነበር። ወጡ ጨው በዛበት ብሎ፣ ውሃ ልትቀጂ ሄደሽ ቆየሽ ብሎ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይል። ማታ ማታ በግድ የሚያደርገኝን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ልጄ 3 ዓመት ሲሆነው አዝዬው አዲስ አበባ አክስቴ ጋ መጣሁ። አሁን እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ።

«ከመጣሁ 2 ዓመት ሆነኝ። ግን አልወጣልኝም። የሰፈሩ ጥበቃ ሌሊት በዱላው የግቢውን ቆርቆሮ በር ኳ ካደረገ፣ ልጄን ታቅፌ ቆሜ ነው የምነቃው። ባሌ ሲመጣ በሩን በከዘራ ነበር የሚመታው። ቀን ደግሞ ልጄ ሲያቅፈኝ ምንም አይሰማኝም። እንጨት ነኝ።

«ባለፈው ሳምንት ልጄ ሽሮ ደፋ። እኔ ምጣድ ላይ ነበርኩ። ሳላስበው በጥፊ መታሁት። ክርኑን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ‹እማዬ አልደግምም፣ አልደግምም› አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ክርኔንም ልክ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካሁትም። እጄን ፈራሁት።

«አክስቴ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል እንሂድ ትላለች። እናቴ ደውላ ‹እኛም እየተመታን ነው ልጅ ያሳደግነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይመጣልሻል፣ ግቢ› አለችኝ። አንዳንድ ሌሊት ምነው ባልነጋ እላለሁ። እንደ አባቱ እየሆንኩ ነው? ልጄን ለእናቴ ብሰጠው አይሻልም?»

እህቴ፣ ከመጨረሻ ገደማ ጣል አድርገሽ ካለፍሽው ነገር ልጀምር። «ምነው ባልነጋ» ያልሽውን። ይህን ብቻሽን አትያዢው። ዛሬውኑ ለአክስትሽ ንገሪያት። ሐሳቡ «ባልነጋ» ከማለት አልፎ ራሴን እንዲህ ባደርግ ወደሚል ከሄደ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። አማኑኤል አለ፤ ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤል ሲባል ሰው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ጭንቀት የበዛበት፣ ሐዘን የከበደው ሰው በየቀኑ ተመላልሶ እየታከመ ወደ ሥራው የሚሄድበት ቤት ነው።

አሁን ወደ ሽሮው ልምጣ።

ጥፊው ጥፊ ነው። ላጽናናሽ ብዬ አላሳንሰውም። ልጁን አሞታል፣ አስፈርቶታልም። «እንደ አባቱ እየሆንኩ ነው?» ያልሽውን ግን አልቀበለውም። ሰውየው መትቶሽ ሲያበቃ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። አንቺ አንዴ በጥፊ መትተሽ ሳምንት ሙሉ የገዛ እጅሽን ስትፈሪ ከረምሽ። እሱ የሚመታው እንድትፈሪው ነበር። አንቺ የመታሽው ስለፈራሽ ነው።

ሽሮ ፈርቼ? ትዪ ይሆናል። አዎ፣ ሽሮ። በዚያ ቤት 5 ዓመት ኖረሻል። እዚያ ምግብ ከተበላሸ ዱላ ይመጣል። ሰውነትሽ ይህን እንደ ሕግ አጥንቶታል። አሚግዳላ የምንለው፣ አንጎላችን ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ለውዝ የሚያክል ክፍል አለ። ሥራው አደጋ ማሽተት ነው። አደጋ የሸተተው ሲመስለው ማንንም ሳያማክር ደወሉን ይደውላል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ አድሬናሊን በደም ውስጥ ይለቀቃል። «ቆይ፣ ይሄ እኮ ልጄ ነው፣ ይሄ እኮ አዲስ አበባ ነው» የሚለው የአንጎል ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እሱ ሲደርስ እጅሽ ተሰንዝሯል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኛ ፒቲኤስዲ ብለን የምንጠራውን፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚቀር ጭንቀት፣ አባቶች በአራት ቃል ጨርሰውታል። ከደብዳቤ ብቻ ሕመም አይመረመርም፤ ስለዚህ ስሙን አልለጥፍብሽም። ግን የሌሊቱ መባነን፣ የቀኑ መደንዘዝ፣ የማትቆጣጠሪው ድንጋጤ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪም የሚጠይቀው መጀመሪያ ስለዚህ ነው።

መደንዘዙንም ከዚሁ ጋር እይው። ልጅሽ ሲያቅፍሽ እንጨት የምትሆኚው ስለማትወጂው አይደለም። ለዓመታት ሰውነትሽ ሲነካ ወይ ዱላ ነው፣ ወይ እጅሽ ለመጻፍ እምቢ ያለው ነገር ነው። ማምለጥ ያልቻለ ሰው አንድ መውጫ ብቻ ይቀረዋል፤ አካሉን እዚያው ትቶ በሐሳቡ መሄድ። አንቺም ሄድሽ። ያን ጊዜ የጠቀመሽ ነገር ነው። ችግሩ፣ በሩን ከዘጉት በኋላ ክፉውን ከደጉ ለይቶ አያስገባም። የልጅሽንም እቅፍ ውጭ አስቀረው።

ስለዚያ ለመጻፍ ስላቃተሽ ነገር አንድ ቃል ልበል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ነው። ባል ሚስቱን ሲያስገድድ በዚያ አንቀጽ አይጠየቅም። በእኔ አስተያየት ትልቅ ጉድለት ነው። ሕጉ ስም ስላልሰጠው ግን ሰውነትሽ አልተሳሳተም። የደረሰብሽ ደርሶብሻል።

አንቺን ከሌሎች የሚለይሽ አንድ ነገር አለ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ35 ዓመቷ ዱላ የገጠማት ሴት «በፊት» የምትለው ዘመን አላት። እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ምን ትወድ እንደነበር ታውቃለች። ስትድን ወደዚያ ትመለሳለች። አንቺ 15 ዓመትሽ ነበር። ወዴት ትመለሻለሽ? ቁጣን የሚያበርደው፣ «ቆይ እስቲ» የሚለው የአንጎል የፊተኛው ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ነው። ያንቺ እየተሠራ ሳለ ነው ዱላው የወረደው፤ በዚያው ላይ ልጅ አዝለሻል፣ ውሃ ቀድተሻል፣ እህል ፈጭተሻል። ልጅ ሆነሽ ልጅ አሳደግሽ። ስለዚህ እንዳንቺ ያሉ ብዙ ወጣት እናቶች «ድሮም እንዲህ ነኝ፣ ፀባዬ ነው» ብለው ያስባሉ። ፀባይሽ አይደለም። ፀባይሽን ገና አላየሽውም። ደግሞ 22 ነሽ፤ ግንባታው አላለቀም።

ይህ እንዲደርስብሽ ሕግም አልፈቀደም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣ ይህንኑ ነው የያዘው። ያለ ዕድሜ መዳር በወንጀልም ያስቀጣል። ይህን የምነግርሽ እናትሽን እንድትከሺ አይደለም። «እምቢ ማለት ነበረብኝ» ብለሽ ራስሽን ስትወቅሺ እንዲያግድሽ ነው።

እናትሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከባልሽ ይልቅ የእናትሽ ዐረፍተ ነገር ይከብዳል። «እኛም እየተመታን ነው ልጅ ያሳደግነው።» እውነቷን ነው፣ ተመትታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 ዓመት በፊት በ10 አገሮች አድርጎ ባሳተመው ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል የነበራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በባላቸው ተመትተዋል ወይም ተገድደዋል ወይም ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ጥናቱ ካካተታቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለዋል፤ ምግብ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትከራከረው። እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ። ከመቺዎቹ ወገን ይልቅ ተመቺዎቹ ዱላውን አጸደቁት።

ለምን? ካላጸደቁት ሊሸከሙት ስለማይችሉ ይመስለኛል። እናትሽ «ትክክል አልነበረም» ብትል ሁለት ነገር ይናድባታል፤ የራሷ ዕድሜና አንቺን የዳረችበት ቀን። ይህ እሷን ንጹሕ አያደርጋትም። ልትቆጪያት መብትሽ ነው። አሁን ይቅር በያት የሚልሽ ሰው ካለ፣ አልደረስኩም በዪው። ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ግን ንግግሬ አጭር ነው። ሽምግልናን አከብራለሁ። የከዘራው ነገር ሳይነሳ «ግቢ» የሚል ሽምግልና ግን እርቅ አይደለም፣ ማስረከብ ነው። ለእናትሽ «አልመለስም፤ ሽማግሌ እንዳትልኪ» ማለት ትችያለሽ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። ስልኩን አክስትሽ ብትይዝልሽ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። ልስጠው ወይ ብለሽኛል። አትስጪው።

እስቲ በ5 ዓመት ልጅ ዐይን እይው። ሽሮ ደፋሁ። እማዬ መታችኝ። እማዬ ከዚያ በኋላ አልነካችኝም። ከዚያ አውቶብስ ላይ ጭነው ወደ ሩቅ አገር ላኩኝ። ይህ ልጅ ምን ብሎ ይደመድማል? ጥፋቱን ሁሉ ከራሱ ነው የሚቆጥረው፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች እንዲህ ናቸው። ደግሞ የምትልኪው «እየተመታን ነው ያሳደግነው» ወደሚባልበት ቤት ነው፤ አባቱም እዚያው አገር ነው። የልጅሽ ክርን ዱላን ያወቀው ካንቺ ጥፊ አይመስለኝም። እስከ 3 ዓመቱ አይቷል። እናቱ ክርኗን ጭንቅላቷ ላይ ስታደርግ አይቷል።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ያደረገው ሙከራ አለ። እናት ከጨቅላዋ ጋር እየሳቀች ስትጫወት ቆይታ ድንገት ፊቷን ታደርቃለች። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ዝም። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል። ይጠቁማል። ይጮኻል። ሲያቅተው ፊቱን ያዞራል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እናትየው ፊቷን መልሳ ስትፈታ ልጁም ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ትሮኒክ ጤነኛ የሚባሉ እናቶችንና ልጆችን ሲያጠና እነሱም ቢሆኑ እርስ በርስ የሚገጣጠሙት ከጊዜያቸው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ አገኘው። የቀረው መተላለፍና መልሶ መገናኘት ነው። ልጅ የሚያድገው በዚያ መልሶ መገናኘት ነው።

ስለዚህ ከጥፊው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ልጁን ላለመጉዳት ብለሽ ፊትሽን አደረቅሽበት። ልቡናሽ ደግ ነው፤ እሱ ግን የሚያየው የደረቀውን ፊት ነው።

ዛሬ ማታ ይህን አድርጊ። ምጣዱን አጥፊና እጅሽን ታጠቢ። ቁመትሽ ከሱ ጋር እኩል እንዲሆን ቁጭ በይ። እንዲህ በዪው፦ «ያን ቀን መትቼሃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሽሮ ይደፋል፣ ይጠረጋል። ደንግጬ ነው፤ ግን ብደነግጥም መምታት የለብኝም። እንዳልደግመው እየተማርኩ ነው።» በቃ። «አንተም ግን አትረብሽ» ብለሽ አትጨምሪ፤ እሱን ከጨመርሽ ይቅርታው ይሞታል። አልቅሰሽም እሱ እንዲያባብልሽ አታድርጊ። እቀፈኝ ብለሽ አትለምኚው። እጅሽን ዘርግተሽ ምንጣፉ ላይ አስቀምጪው፣ ከፈለገ ይይዘዋል። ካልያዘው ነገም ቀን ነው። ሲይዝሽ ምንም ባይሰማሽ አትደንግጪ። ስሜቱ ኋላ ይመጣል፤ እጁ ይቅደም።

ቁጣው መጣ መጣ ሲልሽ ደግሞ አፍሽን ሳይሆን እግርሽን አንቀሳቅሺ። ከልጁ ሁለት እርምጃ ራቂ። እጅሽን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺ። ትንፋሽሽን ከሳብሽበት ጊዜ እጥፍ አድርገሽ በቀስታ አውጪው፤ ረጅም አወጣጥ የልብ ምትን በእርግጥ ያረግባል። ፊትሽ ያለውን በቃል ጥሪ፦ ምጣድ፣ ሰፌድ፣ ማሰሻ፣ ልጄ። ከውጭ ለሚያይሽ ያስቃል። ለዚያ ለውዝ ለሚያክለው ደወል ግን «የት እንዳለን እወቅ» ማለት ነው።

ስለ ጥበቃው አስቤ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሌሊት ድምፁ ብቻ ነው የሚደርስሽ። ድምፅ ብቻ ሲሆን ማንንም መሆን ይችላል፤ ባልሽንም። ቀን ወይም አመሻሽ ላይ፣ አክስትሽ አብራሽ ሆና፣ ቡና ይዘሽለት ውጪ። ፊቱን እዪው። ዱላውን እዪው። ከቻልሽ በሩን በፊትሽ ኳ ያድርገው። «ልጅ አለኝ፣ ሌሊት እንባንናለን፤ በዚህች በር ስታልፉ ቀስ ቢሉልኝ» ማለትም ነውር የለውም። በማግስቱ ሌሊት ድምፁ ሲመጣ ቢያንስ ከድምፁ ጋር የሚመጣ ሌላ ፊት ይኖርሻል። ከበደሽ? እንግዲያው መጀመሪያ ከመስኮት እዪው። ሳምንት ይሁን። ደረጃ በደረጃ ነው። የሕክምናውም አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ከፈሩት ጋር በመጠን በመጠን መተዋወቅ።

ሕክምና ስል፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ የንግግር ሕክምና አለ፤ ያለፈውን ነገር ሰው በሚይዘው ልክ እያወጡ መልሰው ቦታ የሚያስይዙበት። እንቅልፍሽ እንዲህ ከተረበሸ ሐኪሙ ለጊዜው መድኃኒት ሊጨምርልሽ ይችላል። የት እንደምትጀምሪ ካላወቅሽ ጋንዲ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የተቋቋመ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ሕክምናውም ምክሩም የሕግ ድጋፉም በአንድ ቦታ የሚገኝበት። ዱላው የቆየ ነው ብለሽ አትቅሪ፤ ቢያንስ ወዴት እንደምትሄጂ ጠይቂ። ለፍቺው፣ ለንብረት ክፍፍሉና ለልጁ ቀለብ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያማክራል። ቀለብ አልፈልግም ትዪ ይሆናል፤ ብዙ እናቶች ይላሉ፣ ከሰውየው ጋር ክር እንዳይቀር። ይገባኛል። ግን ገንዘቡ የልጁ ነውና ሳትወስኚ ጠይቂ።

ጸበሉን በተመለከተ ከአክስትሽ ጋር አልጣላም። ውሃውና ጸሎቱ ልብሽን ካሳረፉልሽ ሂጂ። ሁለት ነገር ብቻ። ክኒን ከጀመርሽ ጸበል ገባሁ ብለሽ አታቋርጪ። ደግሞ «ዓይነ ጥላ» የሚለውን ስም ላንቺ አልፈልገውም። ዓይነ ጥላ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ያንቺ ፍርሃት ግን ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ ከዘራ አለው። ደግሞ አክስትሽን እንዳትቀየሚያት፤ ያስጠጋችሽ እሷ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ለሁለት ሰዓት ትያዝልሽ። አንቺ ተኚ። ልጄን ልስጠው ያልሽው ድካም ይመስለኛል፣ ለድካም ደግሞ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ብዙ ነው።

ጥበቃውን ያናገርሽው እንደሆነ ጻፊልኝ። ስሙን መጠየቅ አትርሺ።